‹‹ስልኩ እንደ ጠበል ነው፤ ወጥተህ ካልሆነ አይገኝም››

መቼም ለዚህ ዓምድ የሚመጣው ደብዳቤ ማለቂያ የለውም። ‹‹ጥሎኝ ሄደ››፣ ‹‹ጥላኝ ሄደች››፣ ‹‹አማቴ አላስቀምጥ አለችኝ››... ሁሉንም አነባለሁ። ሰሞኑን የደረሰኝ አንዱ ግን ለየት አለብኝ። ጸሐፊዋ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ስሟን እንዳላወጣ አደራ ብላኛለችና አላወጣም። እንዲህ ትላለች፦

‹‹እጮኛዬ አዊ ዞን፣ ከዳንግላ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር መምህር ነው። በሳምንት አንዴ ቢደውል ነው። በሌላው ቀን እኔ ስደውል የምታነሳልኝ ያቺው ‘ማግኘት አይቻልም’ ባይዋ ሴትዮ ናት። እሱ ‘ኔትወርክ የለም’ ይለኛል። ጓደኞቼ ግን ‘ሌላ ይዞ ነው፣ አትጃጃይ’ ይሉኛል። አሁን ደግሞ ሞባይል በቀጥታ ከሳተላይት ጋር መገናኘት ጀመረ ሲባል ሰማሁ። ገንዘብ አጠራቅሜ እንዲያ ያለ ስልክ ልግዛለት ወይስ ነገሩን እርግፍ አድርጌ ልተወው? ምን ትመክረኛለህ?››

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ። የሳቅኩት ያቺ ሴትዮ የስንቱን ፍቅር እንዳመሰች አስቤ ነው። እንባዬ ለምን እንደመጣ ወደ መጨረሻው እነግርሻለሁ። አገሩን አውቀዋለሁና ከምክሩ በፊት ትንሽ ላስጎብኝሽ። ሌሎቻችሁም ተከተሉን፣ ትኬቱ በእኔ ነው!

ጥር 2015፣ እንጅባራ

ያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን አብሮኝ የሚኖር ጓደኛ ነበረኝ። የዳንግላ ገጠር ልጅ ነው። ‹‹የፈረሰኞችን በዓል ሳታይ ኖርኩ እንዳትል›› እያለ ሲነዘንዘኝ ከርሞ በመጨረሻ ተሸነፍኩለት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተን አውቶቡስ ያዝን። ጎሐ ጽዮን፣ ዓባይ በረሃ፣ ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ... ዓባይ በረሃ ላይ ላብ ሲያጠምቀኝ ‹‹ምነው ይቺን ጃኬት ባልያዝኳት›› ብዬ ነበር። ከቡሬ አልፈን ሽቅብ ስንወጣ ግን ያችኑ ጃኬት እስከ አንገቴ ቆለፍኳት። እንጅባራ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ብርዱ ቀልድ አያውቅም።

እንጅባራ ልትገቡ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀራችሁ ከመንገዱ አጠገብ ዘንገና ሐይቅ አለላችሁ። ክብ ነው፤ በኮምፓስ የተሠራ ነው የሚመስለው። ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተወው ጉድጓድ ውኃ ሞልቶበት ሐይቅ የሆነ ነው። ጥልቀቱ ከ160 ሜትር ይበልጣል፣ ዙሪያው ደን ነው። ጓደኛዬ ‹‹ፍቅረኛ ካለችህ እዚህ አምጣት፤ ከሌለችህ ግን ብቻህን አትምጣ፣ ሆድ ያስብሳል›› አለኝ። እውነቱን ነው።

ጥር 23 ቀን የጊዮርጊስ ዕለት ነው፣ በእንጅባራ ደግሞ የፈረስ ቀን። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። በዓድዋ ዘማቾችን ተሸክመው የሄዱትን ፈረሶች ውለታ ለመዘከር ነው አሉኝ። እናንተዬ! ፈረሱ በጥልፍና በቀለማት ክር ተሸልሞ፣ ፈረሰኛው ጋሻና ዘንግ ይዞ ሜዳውን ሲሰነጥቀው ማየት ነው! የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ከኮርቻ ላይ ሲወጡ ሃያ ዓመት ሆነው ቁጭ ይላሉ።

ታዲያ ያን የመሰለ ነገር በስልኬ ቀርጬ ለወዳጅ ዘመድ ልልክ ብል፣ ወይ ፍንክች! ማማው ከከተማው መሐል ቆሟል፣ ስልኬም ላይ ምልክቱ ሙሉ ነው። ግን ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ፎቶ ሲልክ ኔትወርኩ ታነቀ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ትጠቅመናለች፦ ምልክት መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ ለስንት ሰው እንደሚካፈልም ነው ቁም ነገሩ።

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ

በማግስቱ ወደ ዳንግላ አመራን። መንገዱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በመሐል አዲስ ቅዳም አለች። በዚህ በፋግታ ለኮማ አካባቢ ግራ ቀኙ ደከረንስ የሚሉት የግራር ዘር ነው። ገበሬው እንደ ሰብል ይዘራዋል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል። በየመንገዱ ዳር የተደረደረውን ማዳበሪያ አያችሁ? እናንተ አዲስ አበባ ላይ ቡና የምታፈሉበት ከሰል ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ዳንግላ ከእንጅባራ ዝቅ ያለች፣ ሞቅ ያለች ከተማ ናት። ጥንት የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረባት ብላችሁ ታምናላችሁ? ቺዝማን የሚባል እንግሊዛዊ ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ቆንስል ሆኖ መቀመጫው እዚያ ነበር። የዓባይን ጉዞና የጣናን ዙሪያ እየዞረ ካርታ ያነሳ ሰው ነው። በዚያ ዘመን ደብዳቤ የሚሄደው በእግረኛና በበቅሎ ነው። ዛሬ ዳንግላ ከተማ ውስጥ ሆናችሁ ቪዲዮ ታያላችሁ። ከከተማው ወጥታችሁ ሁለት ሰዓት በእግር ስትሄዱ ግን ወደ ቺዝማን ዘመን ትመለሳላችሁ። ያው ጓደኛዬ ቤት ማለት ነው።

ኮረብታው

የጓደኛዬን እናት እማማ ብዬ ነው የምጠራቸው። ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ፣ ጠላ፣ ማር... ሆዴ እስኪነፋ አበሉኝ። እኔ ግን የከተማ ሰው አይደለሁ? ዓይኔ ስልኬ ላይ ነው። ምልክት የለም። ጥግ ላይ ቆምኩ፣ በርጩማ ላይ ወጣሁ፣ ስልኬን ወደ ጣሪያ አነሳሁ። እማማ ሳቁብኝ።

‹‹የኔ ጌታ፣ እሱ እዚህ የለም፤ እላይ ነው ያለ። ስልኩ እንደ ጠበል ነው፤ ወጥተህ ካልሆነ አይገኝም።››

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይዘውኝ ወጡ። ከመቀነታቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለች ባለ ባትሪ መብራት ቁልፍ ስልክ ፈቱ። ቻርጅ የምትደረገው ሶላር ያለው ሱቅ ውስጥ በገንዘብ ነው። ዳገቱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ጫፉ ላይ አንድ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ላይ ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ ዳንግላ ስታዞሩ ሁለት ዘንግ ምልክት ትመጣለች። ከድንጋዩ ከወረዳችሁ ትጠፋለች። ወረፋ አለ! ስለዚህ ኮረብታው ላይ ምሥጢር የለም። የማን ላም እንደታመመች፣ የማን ልጅ ከአረብ አገር ገንዘብ እንደላከች፣ ሁሉም ይሰማል። ከፊታችን የነበረው አንድ ወጣት መምህር ነበር። ‹‹ኧረ ሌላ የለኝም፣ በእናቴ!›› እያለ ሲምል ወረፋተኛው በሙሉ እየሰማው ነበር። አንዲት አሮጊት ‹‹እውነቱን ነው በያት፣ እኔ ምስክር ነኝ›› አሏት በድምፅ!

እህቴ፣ ያ መምህር ያንቺ እጮኛ ነው አላልኩም። ግን እንደሱ ያለ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

እማማ በየሳምንቱ እሁድ ያንን ዳገት ይወጡ የነበረው ለልጃቸው ለመደወል ነው። አዲስ አበባ ሆነን የእሁድ ስልኩ ሲጮህ ‹‹እናቴ ናት›› ብሎ የሚሮጠው ትዝ አለኝ። ከወዲያ ጫፍ ይህ ሁሉ ዳገት እንዳለ ግን አላውቅም ነበር።

ማማው ሰማይ ላይ ሲወጣ

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልግባ። ሞባይል ከሳተላይት ጋር በቀጥታ ይገናኛል የሚባለው ውሸት አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኪሳችን ስልክ የሚያወጣው ኃይል በጣም ትንሽ ነው፣ የዋት አንድ አምስተኛ ገደማ። ለዚህ ነው አጠገቧ ማማ የምትፈልገው። ተራራ ከገባ በመሐል ይቆረጣል። ታዲያ መሐንዲሶቹ ‹‹ማማውን ለምን ሰማይ ላይ አንሰቅለውም?›› አሉ። የስፔስኤክስ ኩባንያ ከተራ ስልክ ጋር መነጋገር የሚችሉትን የመጀመሪያዎቹን ስታርሊንክ ሳተላይቶች ያመጠቀው በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው። የሚበርሩት 360 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ፍኖተ ሰላም ልትገቡ ጥቂት ሲቀራችሁ ማለት ነው፤ ልዩነቱ መንገዱ ወደ ላይ መሆኑ ብቻ ነው። ፍጥነታቸው በሰዓት ወደ 27,000 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አንዱ ከራሳችሁ በላይ የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው፣ ወዲያው ሌላው ይተካዋል። ለዚህ ነው በመቶ የሚቆጠሩ ሳተላይቶች የሚያስፈልጉት።

ሌላው ተፎካካሪ ኤኤስቲ ስፔስሞባይል ነው። ዘዴው ደካማዋን የስልክ ድምፅ ለመስማት ጆሮውን ማስፋት ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ያመጠቀው የሙከራ ሳተላይት አንቴናው ሲዘረጋ 64 ካሬ ሜትር ነበር። ቦታ ተገኝቶ ኮንዶሚኒየም ቢሆን ባለ ሁለት መኝታ ይወጣዋል! በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ምንም ባልተነካካ ተራ ሳምሰንግ ስልክ ከአሜሪካ ጃፓን ተደወለበት። አይፎን 14 ደግሞ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተወሰኑ አገሮች ለአደጋ ጊዜ በሳተላይት መልእክት ይልካል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ቲ ሞባይል የተባለው የአሜሪካ ኦፕሬተር አገልግሎቱን ለደንበኞቹ በይፋ ከፈተ። ኤርቴል አፍሪካም በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. በሚሠራባቸው 14 የአፍሪካ አገሮች ይህንኑ ሊጀምር ከስፔስኤክስ ጋር መዋዋሉን አሳወቀ። ኬንያ አለችበት፣ ኡጋንዳ አለችበት። እኛ የለንበትም፣ ኤርቴል እኛ አገር አይሠራምና።

ይህ ሁሉ ግን ‹‹ግን›› አለው።

አንደኛ፣ ሰማዩ መታየት አለበት። ቤት ውስጥ፣ ደከረንስ ጫካ ውስጥ ሆናችሁ አይሆንም። ለእማማ ዳገቱ ይቀርላቸው ነበር፣ ከበራቸው ወጥቶ መቆም ግን አይቀርም።

ሁለተኛ፣ የእንጅባራዋን ነገር አስታውሱ። የአንዱ ሳተላይት ጨረር የሚሸፍነው አገር ሰፊ ነው፣ ለብዙ ሰው ይካፈላል። ስለዚህ የጀመሩት በአጭር መልእክት ነው። ፊልም ላውርድ ያለ ያዝናል።

ሦስተኛ፣ የስታርሊንኩ 4ጂ ስልክ ይፈልጋል። የመቀነቷ ባለ ባትሪ ስልክ አታውቀውም።

አራተኛው ዋናው ነው። ሳተላይቱ ብቻውን መጥቶ ስልካችሁን አያነሳም። የሚሠራው ሲም ካርዳችሁን ከሰጣችሁ ኦፕሬተር ጋር ተዋውሎ፣ አብዛኛውን ጊዜም በኦፕሬተሩ የሬዲዮ ሞገድ፣ በአገሩ ተቆጣጣሪ ፈቃድ ነው። እኛ ጋ ኦፕሬተሮቹ ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም ናቸው። ተቆጣጣሪው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። 2018 ዓ.ም. ሲገባ ሁለቱም ኦፕሬተሮች ይህን አገልግሎት ለደንበኛ አልከፈቱም ነበር። ‹‹የራሳችን ሳተላይት አለን አይደል?›› የምትሉ አላችሁ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የእኛዋ ሳተላይት ሥራዋ ምድርን ፎቶ ማንሳት ነበር፣ ስልክ አይደለም።

ከሰማይ ጋር የቆየ ትውውቅ

ለነገሩ ሳተላይት ለእኛ ትውልድ እንግዳ አይደለም። እኔ ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት በፕላዝማ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርቱ የሚመጣው በሳተላይት ነበር። ጣሪያው ላይ ሳህኑ፣ ክፍሉ ውስጥ ቴሌቪዥኑ። የፕላዝማው መምህር ጠይቆ፣ ሳንመልስ ‹‹ጎበዝ!›› ብሎ ያልፍ ነበር። ያን ጊዜ ከሰማይ የሚመጣውን እንሰማለን፣ እኛን ግን ማንም አይሰማንም። የአሁኑ ነገር ትልቅነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ከታች ያለውም ሰው ወደ ላይ መናገሩ።

1991 ዓ.ም. ደግሞ ጉደኛ ዓመት ነበረች። ትውልዱ ከኢትዮጵያ የሆነው ኖህ ሳማራ ያቋቋመው ዎርልድስፔስ አፍሪስታር የተባለችውን የሬዲዮ ሳተላይት ያመጠቀው በዚያች ዓመት ጥቅምት ነው። ሬዲዮኗን ገዝቶ አንቴናዋን በመስኮት ያወጣ አዲስ አበቤ አይረሳትም። በ66 ሳተላይቶች የሚሠራው ኢሪዲየም የሳተላይት ስልክም አገልግሎት የጀመረው በዚያው ዓመት ጥቅምት ነው። የስልኩ ዋጋ 3,000 ዶላር ገደማ ስለነበር ዓመቱ ሳይሞላ ነሐሴ ላይ ከሰረ። በኋላ ሌሎች ገዝተው አስነሱት። ዎርልድስፔስም በ2008 እ.ኤ.አ. ከሰረ። በዚያችው በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሞባይል ተጀመረ፤ ዛሬ የያዛችሁት የዚያ ልጅ ነው። ለምን ያ ወድቆ ይህ ቆመ? መቼም መሳሪያው ከማንኛውም ሰው ኪስ ካልገባ ሰማይ ቢቧጥጥም ዋጋ የለውም። የአሁኖቹ ብልጠት ‹‹አዲስ ስልክ ግዛ›› አለማለታቸው ነው።

እንባዬ

አሁን ቃሌን ልጠብቅ። ከጉዟችን ከስድስት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በብዙ ቦታ ጥሪውም ይመጣ ይጠፋ ጀመር። የእሁድ ስልካችን ዝም አለ። ጓደኛዬ እሁድ እሁድ ስልኩን መስኮት ላይ አስቀምጦ ያፈጥበታል። ‹‹ደህና ናቸው፣ ኔትወርክ ነው›› እለዋለሁ። እሱም ‹‹ኔትወርክ ነው›› ይላል።

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ሊነጋጋ ሲል በራችን ተንኳኳ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሦስት የአገሩ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። መርዶ መሆኑን ሳይናገሩ አወቅኩ። እማማ ከተቀበሩ 19 ቀን አልፏቸው ነበር። ልጅ እናቱን አልቀበረም፣ መታመማቸውንም አልሰማም።

ልቅሶው በረድ ሲል ጓደኛዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ ‹‹ኮረብታው ላይ ትወጣ ነበር?››

ከመጡት ሽማግሌ አንዱ አንገታቸውን ደፍተው፣ ‹‹እሁድ እሁድ መቼ ቀርታ። ድንጋዩ ላይ ቆማ ቆማ ትወርዳለች። ‘ዛሬም አላነሳም፣ ሥራ በዝቶበት ይሆናል’ ትላለች›› አሉት።

እህቴ፣ ታያለሽ? እሳቸውም እንዳንቺ ‹‹ማግኘት አይቻልም›› ይባሉ ነበር። ልጃቸውን ግን አልጠረጠሩትም።

ሳተላይቱ በዚያ ሰሞን ቢኖር ኖሮ ይደርስላቸው ነበር? ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ስልካቸው አይቀበለውም። ቢቀበለውም አገልግሎቱ በኦፕሬተርና በፈቃድ ስለሚያልፍ፣ ምድር ላይ ያለውን መስመር የዘጋ ውሳኔ የሰማዩንም ይዘጋዋል። ሳተላይት ተራራ ያልፋል፣ የሰው ውሳኔ ግን አያልፍም። ተራራ ብቻ ለጋረዳቸው ግን፣ ምጥ ለያዛት እናት አምቡላንስ ለመጥራት፣ ‹‹ደህና ነኝ›› የምትል አንዲት ቃል ለመላክ፣ ቢመጣ እሰየው ነው። ይምጣልን።

እንግዲህ ምክሩ

1. እህቴ፣ ገንዘብሽን አታባክኚ። ‹‹የሳተላይት ሞባይል ነው›› ብሎ የሚሸጥልሽ ካለ ሽሺው። አገልግሎቱ ሲመጣ የሚመጣው በኦፕሬተሩ በኩል ነው፣ ያኔ ደህና 4ጂ ስልክ ይበቃ ይሆናል። እንደ ቱራያ ያለ እውነተኛ የሳተላይት ስልክ ደግሞ ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት ጣጣ አለው።

2. ቀንና ሰዓት ተቀጣጠሩ። እሱ ዳገቱን የሚወጣበትን ሰዓት ጠይቂው። በዚያች ሰዓት ስልክሽን አትያዢ፣ ካርድሽ አይለቅ፣ ከጓደኞችሽ ጋር ወሬ ላይ አትሁኚ።

3. አጭር መልእክት ላኪ። ጥሪ ባይገባም መልእክቱ ተራውን ጠብቆ፣ ስልኩ ኮረብታ ላይ ስትወጣ ሊደርሰው ይችላል።

4. የሌላ ሰው ስልክ ያዢ። ከተማ ውስጥ ያለ ዘመድ፣ ርዕሰ መምህር፣ የሱቅ ባለቤት... ለክፉ ቀን አንድ ቁጥር ይኑርሽ። እኛ አልነበረንም። አንድ የዳንግላ ከተማ ቁጥር ቢኖረን ከ19 ቀን በፊት እንሰማ ነበር።

5. ሄደሽ እዪው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳታጣሪ ግን እንዳትነሺ። ሰላም ከሆነ ጥር ላይ ሂጂ፣ ፈረሱንም ዘንገናንም ታዪያለሽ። እሁድ ከእሱ ጋር ኮረብታውን ውጪ። ግማሽ ሰዓት ዳገት ወጥቶ ሁለት ደቂቃ የሚያናግርሽ ሰው ሌላ ይዟል ወይስ አልያዘም፣ ያን ጊዜ ለጓደኞችሽ አንቺው ትነግሪያቸዋለሽ።

እናንተም አንባብያን፣ ይህን ጋዜጣ ስታጥፉ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ከሆናችሁ እናታችሁ ጋ ደውሉ።

ቸር ይግጠመን!